ክረምት ሳይገባ መስታወቱን እዩት

ጎንደር ላይ ክረምት ሲቃረብ ሾፌር ሁሉ ጎማውን ያያል፣ ፍሬኑን ያስፈትሻል። መስታወቱን ግን «ዝናቡ ያጥብልኛል» ብሎ ይተወዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ የሐምሌ ምሽት ከአዘዞ ወደ ከተማ ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ካፊያ ነበር። ከፊት አይሱዙ መጣና መብራቱ ሲያርፍበት መስታወቴ በሙሉ እንደ ወተት ነጣ። አንድ ሁለት ሰከንድ ምንም አልታየኝም። አይሱዙው ሲያልፍ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ ቆሟል። ፍሬኑ ያዘልኝና ተረፍን። የሚገርመው መኪናው በዚያው ቀን ታጥቦ የወጣ ነው። ላቫጆ ቤት ያጠበልኝ ልጅ ክሩስኮቱን (ከመሪው ፊት ያለውን ዳሽቦርድ) ባበራበት ቅባታም ጨርቅ የፊት መስታወቱንም ከውስጥ ጠርጎልኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምጀምረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይ የዋይፐሩን ላስቲክ ታደርቀዋለች፣ የመብራቱን ፕላስቲክ ታደበዝዘዋለች፣ ከውስጥ ደግሞ ቅባት ይጋገራል። ዝናብ እስኪመጣ ማንም አያውቀውም። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ማስተካከል ደግሞ አይሆንም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ቤት ውስጥ አይጠፋም፦ ሁለት ባልዲ፣ ንጹሕ ስፖንጅ፣ አራት አምስት አሮጌ የጥጥ ከናቴራ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ አቼቶ፣ የልብስ መርፌ፣ ጥቂት ባዶ ሃይላንድ። ድሮ መስታወት በጋዜጣ ነበር የሚወለወለው፤ ጥሩ ያበራል። አሁን ግን ጋዜጣ ከመፈለግ ከናቴራ መቅደድ ይቀላል።

1. ከውስጥ ጀምሩ

የውስጠኛው ገጽ ዝናብ አያጥበው፣ ዋይፐር አይጠርገው። ፀሐይ ክሩስኮቱን ስታግለው ከፕላስቲኩ የሚወጣው ተን፣ የሲጋራ ጭስ፣ የሰው ትንፋሽ፣ «ማብሪያ» እየተባለ የሚረጨው ቅባት ሁሉ እዚያ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ቀን አይታይም። ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው።

አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ ሳሙና ጨምሩ። ከዚያ አይብለጥ፤ አረፋ በበዛ ቁጥር ማስለቀቁ ይከብዳል። ጨርቁን ነክራችሁ በደንብ ጨምቁና ከላይ ጀምራችሁ እሹት። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ አትደንግጡ፣ ያ ነው ስትፈልጉት የነበረው። በሁለተኛ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ሳሙናውን አስለቅቁ። ቀጥሎ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በሦስተኛው ጨርቅ አንድ ጊዜ እለፉበት፤ በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። በጣታችሁ ፈተግ ስታደርጉት እንደታጠበ ሳህን ሲጢጥ ካለ ጸድቷል። ጣት ከተንሸራተተ ቅባቱ ገና አልለቀቀም፣ ከሳሙናው ትጀምራላችሁ።

አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከውስጥ ስትወለውሉ እጃችሁን ወደ ጎን፣ ከውጭ ስትወለውሉ ከላይ ወደ ታች አድርጉ። መስመር ከቀረ አቅጣጫው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል፤ ወዲያና ወዲህ እየወጣችሁ መፈለግ ይቀራል።

ቲንት (ማጥቆሪያ ስስ ፕላስቲክ) የተለጠፈበት መስታወት ላይ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አታስነኩ፣ ቲንቱን ያበላሸዋል። የኋላ መስታወት ላይ ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች ካሉ መስመሩን ተከትላችሁ እንጂ አቋርጣችሁ አትሹ፤ ከተበጠሱ በኋላ መጠገናቸው አድካሚ ነው።

2. ከውጭ

እዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ጭቃ በደረቁ አይጠረግም። በደንቢያ በኩል የመጣ መኪና የሚይዘውን የመረሬ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። እርጥብ ሳለ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይጋገራል፣ በውስጡም ደቃቅ አሸዋ አለው። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ጭረቱ ቀን ባይታይ ማታ በመብራት ይታያል፤ ጭረት ደግሞ ታጥቦ አይለቅም። ስለዚህ ውሃ አፍስሱበትና አምስት ደቂቃ ይራስ። ከዚያ በስፖንጅ፣ ሳትጫኑ። አንዱ ባልዲ ሳሙና ይይዛል፣ ሌላው ስፖንጁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ። ጎማና ቸርኬ የታጠበበት ስፖንጅ መስታወት አጠገብ አይድረስ።

ከታጠበ በኋላ በጣታችሁ ጫፍ ዳብሱት። የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ ወይ የዛፍ ሙጫ ነው ወይ የነፍሳት ቅሪት። ጥድ ሥር የሚያቆም ሰው ሙጫውን ያውቀዋል። የፋርማሲ አልኮል ያረፈበት ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ይቀመጥበት፣ ይለሰልሳል። እምቢ ካለ እርጥብ መስታወት ላይ በአዲስ ምላጭ ጋደም አድርጎ መላጥ ይቻላል። ምላጩን የፊት መብራት ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ እሱ ፕላስቲክ ነው። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የሚወለውሉም አይቻለሁ። ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ግን መስታወቱ ቀስተ ደመና ያወጣል።

ሳትረሱ ኮፈኑን ክፈቱና ከመስታወቱ ግርጌ፣ ዋይፐሮቹ ከሚያርፉበት ሥር ያለውን ቅጠል ጥረጉ። የዝናብ ውሃ መውረጃው እዚያ ነው። ቅጠል ሲደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፉ ይርሳል፣ ክረምቱን ሙሉ መስታወቱ ለምን ጉም እንደሚይዝ ሳታውቁት ትከርማላችሁ።

3. ዋይፐር

በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዋይፐሩ ጭቃውን ለቅልቆ ለሦስት ሰከንድ ካጨለመባችሁ 50 ሜትር በጭፍን ነዳችሁ ማለት ነው። ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ወይም ከቅዳሜ ገበያ መውጫ ላይ 50 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያቋርጥ ለጎንደር ሰው አልነግረውም።

ላስቲኩን እንዲህ ፈትሹት። ክንዱን አንሱና የላስቲኩን ከንፈር በሁለት ጣት ይዛችሁ ጎንበስ አድርጉት። ጤነኛው ይታጠፍና ሲለቀቅ ቀጥ ይላል። የደረቀው ታጥፎ ይቀራል፣ ወይም ደቃቅ ስንጥቅ ያሳያል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን እጠቡት፤ በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡበት። ጥቁሩ እስኪያልቅ ሦስት አራት ጊዜ ይፈጃል። አልቋል የተባለ ዋይፐር በዚህ ብቻ ሲያገግም አይቻለሁ። ቤንዚን አታስነኩት፣ ላስቲኩን ይበላዋል።

ታጥቦም ካልጠረገ ጥፋቱን ከአጠራረጉ ማንበብ ይቻላል። ቀጫጭን መስመር የሚተው ከሆነ ከንፈሩ ተሰንጥቋል ወይም አሸዋ ይዟል። መሐል ላይ ሰፊ ቦታ ሳይጠርግ ካለፈ ክንዱ አይጫንም፤ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም የላስቲኩ መያዣ ጠሟል። እየዘለለ የሚንቀጠቀጥና የሚጮህ ከሆነ ብዙ ጊዜ መስታወቱ ላይ ቅባት አለ፤ ቅባቱ ከጸዳ በኋላም ከዘለለ ክንዱ ተጠማዝዟል። አንድ ወገን ሲሄድ ጠርጎ ሲመለስ የሚለቀልቅ ከሆነ ላስቲኩ ወደ አንድ በኩል ተኝቶ ደርቋል። ይሄኛው በፀሐይ ለወራት በቆመ መኪና ላይ የተለመደ ነው፤ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ሁለቱንም በሜትር ለኩ። በብዙ መኪና የሾፌሩ በኩል ይረዝማል። ባለፈው ዓመት አንዱ መለዋወጫ ሱቅ ልጁ «ጋሼ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው፣ እንዳያመልጥዎ» ብሎ ሰጠኝ። ከእሽጉ አውጥቼ ከንፈሩን አጠፍ አደረግኩት፤ እንደ ካርቶን ደረቅ አለ። መደርደሪያ ላይ ስንት በጋ ከርሞ ይሆን! «ልጄ፣ ይኼ እኔ ሳልገዛው ጡረታ ወጥቷል» ብዬው ሳቅን፣ ከጓዳ ሌላ አመጣልኝ። ሱቅ ውስጥ ሳትፈትኑ አትክፈሉ።

ስትቀይሩ አሮጌውን ካወጣችሁ በኋላ ባዶውን የብረት ክንድ እንዲሁ ቆሞ አትተዉት። ስፕሪንግ ስላለው ድንገት ከወረደ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ሥሩ የተጣጠፈ ጨርቅ አስቀምጡ። እንዲያ ቸኩሎ የሁለት መቶ ብር ሥራን የመስታወት ዋጋ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ዘመዴ ስለሆነ ዝርዝሩን ልተወው።

4. የሚረጨው ውሃ

የከተማችን የቧንቧ ውሃ በወረፋ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን መስታወቱ ላይ የሚረጨውን ውሃ የሚይዘውን የመርጫ ጋን ባዶ እንረሳዋለን። ክረምት ላይ ግን ከሰማይ የሚወርድ ምርጥ ውሃ አለ። ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘነበ በኋላ ያለውን ቅዱና በነጠላ ቁራጭ አጥሉት። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ አይተውም። አንድ ጋን ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ኦሞ ግን አትጨምሩ፤ ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ካልሟሟ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ አረፋውም ለራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የተደፈነ መርጫ በመርፌ ጫፍ ይከፈታል፤ በዚያው መርፌ አቅጣጫውንም ማስተካከል ይቻላል። ውሃው ከመስታወቱ መሐል ከፍ ብሎ ማረፍ አለበት፣ ምክንያቱም በፍጥነት ስትሄዱ ነፋሱ ዝቅ ያደርገዋል።

የመርጫው ሞተር የሞተባችሁ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ የሃይላንድ ክዳን በሚስማር አራት ቦታ በስታችሁ ውሃ ሞልታችሁ በር ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ዳር ይዛችሁ ቆማችሁ በመስኮት እጃችሁን አውጥታችሁ ጨመቅ ታደርጉታላችሁ። የሞተሩን ዋጋ እስክታገኙ አንድ ክረምት ያሻግራል።

5. የፊት መብራት

አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ቮልስ ያላችሁ ይህን ዝለሉት፤ የእናንተ መብራት መስታወት ስለሆነ ቢጫ አይሆንም። የአሁን መኪኖች መብራት ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው ላዩን ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ልባስ ይቀባዋል፤ ልባሱ ሲያልቅ ጨረሩ ፕላስቲኩን ያቃጥለዋል፣ ይሻክራል፣ ቢጫ ይሆናል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደጋ ላይ ጨረሩ ይበረታል።

ኮልጌት ቀብቶ መፈግፈግ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ይሠራል፣ ግን ለሳምንታት ነው። ደህና አድርጎ ለመሥራት ግማሽ ቀን የማይዘንብበት ጥዋት ምረጡ። መጀመሪያ መብራቱን እጠቡ፣ ዙሪያውን ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ቁጥር 800 የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሩና መብራቱን እያራሳችሁ ወደ ጎን ብቻ እሹት። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው። ነጭ እንደ አጓት መሆን ሲጀምር የበሰበሰው ልባስ አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ 1,500፣ ከላይ ወደ ታች፤ ያለፈው መስመር እስኪጠፋ። ከዚያ 2,000፣ እንደገና ወደ ጎን። እዚህ ላይ መብራቱ ከበፊቱ የባሰ ጭጋግ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ትክክል ነው፣ ቀጥሉ። በፖሊሽና በጥጥ ጨርቅ በክብ በክብ ስታሹት ጭጋጉ ይገፈፋል፣ አምፖሉ ከውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ አትቁሙ። አሁን መብራቱ ራቁቱን ነው፣ በጥቂት ወራት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። አልኮል ባረፈበት ጨርቅ ጠርጋችሁ ወደ ቀለም ቀቢ ጋራዥ ውሰዱትና የመኪና ቀለም ላይ የሚረጨውን ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ልባስ) አስረጩበት። ሌላ ሥራ ሲሠሩ ጎን ለጎን ይሠሩላችኋል፣ ብዙ አያስከፍሉም።

ውስጡ ውሃ ያቋረ መብራት ሌላ ጉዳይ ነው። ከኋላ የአምፖሉን ክዳን ከፍታችሁ በፀሐይ አድርቁት፤ ከዚያ የተሰነጠቀውን ቦታ ፈልጋችሁ በሲሊኮን ድፈኑ። ከኋላ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ግን እንዳትደፍኑ። አምፖል ስትቀይሩም የሃሎጅኑን መስታወት በእጃችሁ አትንኩት፤ የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ይግልና ቶሎ ይፈነዳል። 55 ዋት በነበረበት 100 ዋት የሚያስገባ ሰው ሶኬቱን ያቀልጣል።

ሥራው ሲያልቅ ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ ግድግዳ ፊት ለፊት 5 ሜትር ርቃችሁ አቁሙና አጭሩን መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከአምፖሉ ቁመት ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ የሚመጣውን ሾፌር ታሳውራላችሁ፤ አዘዞ መንገድ ላይ እኔን እንደገጠመኝ ማለት ነው።

6. መንገድ ላይ

ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ከአዲስ ዘመን አልፎ የፎገራ ሜዳ ላይ ከባድ መኪና የሚረጨው ጭቃ ድንገት መስታወቱን ይሞላዋል። የእጅ ልማድ ዋይፐሩን ቶሎ ማብራት ነው፤ ተሳስቷል። መጀመሪያ ውሃ ይረጭ፣ ከዚያ ዋይፐሩ ይሂድ። ከሁሉም የሚሻለው ከመኪናው ጀርባ ራቅ ማለት ነው። ለሽንትም ለቡናም በቆማችሁ ቁጥር እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ የፊት መብራቱን፣ የኋላ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ስፖኪዮውን ጥረጉ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ የራስን የኋላ መብራት ማየት አይቻልም፤ ጭቃ ለብሶ ወረታ ድረስ የሚሄድ መኪና ብዙ ነው።

ከውስጥ የሚይዘው ጉም የሚመጣው ከትንፋሽና ከእርጥብ ልብስ ነው። ሚኒባስ ውስጥ በፍልሰታ ሰሞን ከቅዳሴ የሚመለስ አሥራ ሁለት ሰው፣ አሥራ ሁለት እርጥብ ጋቢ፣ አምስት ጃንጥላ ሲገባ መስታወቱ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ረዳቱ በእጅጌው ሲጠርገው ደግሞ ወዙን ይለቀልቅበታል። ኤሲ ካለ ከማሞቂያው ጋር አብሩት፤ ኤሲ አየሩን ያደርቃል። አየሩ እዚያው ውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውን፣ በመኪና ሥዕል ውስጥ የሚጠማዘዝ ቀስት ያለበትን ቁልፍ አጥፉ፤ የውጭ አየር ይግባ። ኤሲ ከሌለ ወይም ከሞተ ሁለት መስኮት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ሁለት ጣት ያህል ይከፈት። ተሳፋሪ ብርድ ቢልም ለደቂቃ ይታገሣል። ጃንጥላውን ከኋላ ፌስታል ውስጥ ማድረግም ይረዳል። ጥዋት ከመውጣታችሁ በፊት ውስጠኛውን ገጽ በጥቂት የመላጫ አረፋ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠፋ ብትወለውሉት ጉሙ ለጥቂት ቀን ይዘገያል።

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ስትወርዱ ደግሞ ተገላቢጦሽ አለ። በኤሲ የቀዘቀዘ መስታወት የቆላውን እርጥብ አየር ሲያገኝ ጉሙ ከውጭ ይይዛል። ከውስጥ ብትጠርጉት ምንም ለውጥ የለም። ዋይፐሩን አንድ ጊዜ አስኪዱት፤ ከጠራ የውጭ ነው፣ ኤሲውን ቀንሱ።

ጭጋግ ውስጥ ረጅሙን መብራት አታብሩ። ብርሃኑ ከውሃው ቅንጣት ላይ ተመልሶ ዓይናችሁ ላይ ያርፋል፣ ነጭ ግድግዳ ፊት እንደቆመ ሰው ትሆናላችሁ። አጭሩን፣ ካለም ዝቅ ያለውን የጭጋግ መብራት አብሩና ቀስ በሉ።

7. ደባርቅ ለሚያድር

ክረምት ካለፈም በኋላ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ስሜን ተራሮች ላይ የሚያድር መኪና ጥዋት መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲያርፍ ይሰነጥቀዋል፤ ትንሽ የጠጠር ምት ካለበት ደግሞ ዳር እስከ ዳር ነው የሚሄደው። ሞተሩን አስነስታችሁ የማሞቂያውን አየር ወደ መስታወቱ አድርጉና ጠብቁ፣ ወይም በፕላስቲክ ካርድ ጫሩት። ዋይፐሩን እስኪለቅ አታብሩ፤ ላስቲኩ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ይቀደዳል። ማታ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን ወይም ጆንያ መስታወቱ ላይ ዘርግታችሁ ጫፎቹን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ በሮቹን ብትዘጉባቸው ይህ ሁሉ አይኖርም። ጥዋት ካርቶኑን ማንሳት ብቻ ነው።